ዛፍ፣ ሣር እና የጎረምሳ አእምሮ፦ የለንደኑ ጥናት ምን አገኘ?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። እነዚህን ቁጥሮች አንዴ አንብቧቸውና ዓይናችሁን ጨፍኑ፦ 4፣ 9፣ 2፣ 7፣ 1፣ 8። አሁን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው ቁጠሯቸው።

ትንሽ ያስቸግራል አይደል? ቁጥሮቹን መያዝ ብቻ አይበቃም፤ እንደያዛችሁ ማገላበጥ አለባችሁ። ይህን ይዞ የማገላበጥ አቅም ባለሙያዎቹ የሥራ ትውስታ ይሉታል። ጭንቅላታችን ውስጥ ያለ ትንሽ ጠረጴዛ አድርጋችሁ አስቡት። የሒሳብ ጥያቄ የሚሠራ ልጅ የተሰጡትን ቁጥሮች፣ የተጠየቀውን ነገርና የደረሰበትን ደረጃ ሁሉ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ነው የሚሠራው። መሀል ላይ አንድ ሰው ከጠራው ወይም ስልኩ ጢን ካለ የተደረደረው ይበተናል፤ እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል።

ይህቺ የቁጥር ጨዋታ ለንደን ውስጥ በብዙ ሺህ ጎረምሶች ላይ ከተደረጉ ፈተናዎች አንዷ ናት። የፈተናው ውጤት ደግሞ ማንም በቀላሉ ከማይጠረጥረው ነገር ጋር ተያይዞ ተገኘ። ልጆቹ በየቀኑ ከሚውሉበት አካባቢ ካለው ዛፍ ጋር።

እኔ የምኖረው ሰሜን ለንደን ነው፤ 13 ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። ስለዚህ ጥናቱን ያነበብኩት እንደ ወላጅ ነው። አንዳንዱ ወላጅ «ዛፍ ልጅን ጎበዝ ያደርጋል ተባለ» ብሎ ሲያወራ እሰማለሁ። ሌላው ደግሞ «የፈረንጅ ወሬ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ነገሩ ከዚያ ይረቅቃል፤ በደንብ ሲታይ ደግሞ በጣም ደስ ይላል።

መጀመሪያ ለምን ጎረምሶች? ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአእምሮ ክፍል ማቀድን፣ ራስን መግታትን፣ ትኩረትን የሚመራ ነው። ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ ዘግይቶ ይበስላል። እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ሥራው አያልቅም። በጉርምስና ጊዜ የማይሠራባቸው የነርቭ ግንኙነቶች እንደ ወይን ተክል ይገረዛሉ፤ የሚሠራባቸው ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ እየተደረገላቸው ይፈጥናሉ። ልጃችሁ በቁመት በልጧችሁ ሳለ ቦርሳውን የት እንደጣለ ካላወቀ፣ ሰነፍ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ቤቱ ገና እየተሠራ ነው። እየተሠራ ባለ ቤት ላይ ደግሞ አካባቢው ጫና አለው፤ ድምፁ፣ አየሩ፣ እንቅልፉ፣ ጭንቀቱ ሁሉ።

አሁን ወደ ጥናቱ። ስካምፕ የሚባል ትልቅ የለንደን ጥናት አለ። መጀመሪያ የተቋቋመው ሞባይል ስልክ በጎረምሶች አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንና የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች የዚያን መረጃ ወስደው ሌላ ጥያቄ ጠየቁበት። ከ31 ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 3,568 ልጆች፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 የሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ተከታተሏቸው። ከእያንዳንዱ ልጅ ቤትና ትምህርት ቤት ዙሪያ፣ ከ50 ሜትር ጀምሮ እስከ 500 ሜትር ድረስ፣ ምን ያህል አረንጓዴ ነገር እንዳለ በሳተላይት ምስል ለኩ። ውጤቱ የወጣው በ2021 ነው።

የዚህ ጥናት ጉብዝና «አረንጓዴ» የሚለውን ቃል እንዳለ አለመቀበሉ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ ጥናቶች አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀው ይለኩ ነበር። እነዚህኞቹ ግን ለያዩት። ወንዝና ኩሬ ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ፤ አረንጓዴውን ደግሞ መልሰው ዛፍ የበዛበት ቦታና ሣር ብቻ ያለበት ቦታ ብለው ከፈሉት።

ሲለያይ ምን መጣ መሰላችሁ? ዛፍ በበዛበት አካባቢ የሚውሉ ልጆች የአእምሮ ፈተናው ላይ ሻል ያለ ውጤት ነበራቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩም በስሜትና በባህሪ ችግር የመጠቃት ዕድላቸው በ16 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ሣሩ ብቻውን ይህን አላሳየም። ወንዝና ኩሬውም አላሳየም፤ ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ ውኃ አጠገብ ስለማይውሉ፣ በዚህ ምክንያት ውኃ አይጠቅምም ማለት አይቻልም።

እኔ ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። አረንጓዴ ቦታ ሲባል ስንቶቻችን በሐሳባችን የሚመጣው የተከረከመ ሣር ነው? ከሣሩ ላይ «መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ፣ ዙሪያውን አጥር። ከላይ በሳተላይት ሲያዩት አረንጓዴ ነው። አንድ ጎረምሳ ግን እዚያ ምን ያገኛል? ጥላ የለም፣ ወፍ የለም፣ ቅጠል አይንኳኳም፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም።

ዛፍ ለምን ይለያል ለሚለው ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያስቀመጡት አንዱ ግምት ይኸው ነው። ዛፍ ባለበት የሚታየውና የሚሰማው ይበዛል፤ ዕፅዋቱም እንስሳቱም ይበዛሉ። ግምት ነው፣ የተረጋገጠ አይደለም። ግን ከሌላ አቅጣጫ የመጣ አንድ የቆየ ሐሳብ ያግዘዋል።

ራቸልና ስቲቨን ካፕላን የሚባሉ ባልና ሚስት የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን ነበሩ። ሐሳባቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ትኩረት አለን። አንዱ ጥርስ ነክሰን የምናመጣው ነው፤ ባዮሎጂ ስናጠና፣ መንገድ ስንሻገር፣ በጫጫታ መሀል ሰው ለመስማት ስንታገል። ይህኛው እንደ ክንድ ይዝላል። ሌላው ሳንታገል የሚመጣው ነው፤ ደመና ሲሄድ፣ ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ዓይናችን ራሱ ይሄዳል። ሁለተኛው ሥራ ሲይዝ የመጀመሪያው ያርፋል። ከተማ መንገድ ላይ ግን አያርፍም፤ መኪናው፣ ማስታወቂያው፣ ሳይረን፣ ሰዉ ሁሉ «እየኝ፣ ተጠንቀቀኝ» ይላል። ስልክም እንደዚያው ነው። ልጁ «እያረፍኩ ነው» ብሎ ስልኩን ሲከፍት ያ የደከመው ትኩረት እንደገና ሥራ ላይ ይገባል።

ይህ ሐሳብ በተግባር ተፈትኗል። በ2008 በወጣ አንድ ጥናት እዚያው ሚቺጋን ውስጥ፣ አን አርበር ከተማ፣ ሰዎችን ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲራመዱ አደረጉ። አንዴ በዕፅዋት ማሳደጊያው ፓርክ፣ አንዴ በከተማው መሀል። ከዚያ ያቺኑ መጀመሪያ ላይ የሞከራችኋትን የቁጥር ጨዋታ ሰጧቸው። በዛፎቹ መሀል የተራመዱት ውጤታቸው 20 በመቶ ገደማ ተሻሻለ፤ መሀል ከተማ የተራመዱት ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። በጣም የገረመኝ ደግሞ፣ በብርዱ በጥር ወር ተራምደው ጉዞውን ያልወደዱትም በበጋ ተራምደው ደስ እንዳላቸው ሰዎች እኩል መጠቀማቸው ነው። ዕረፍቱ ደስታ አልጠየቀም ማለት ነው። እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸውን ግን አስታውሱ።

በትክክል ጎረምሶች ላይ የተሠራ ሌላ ሙከራ አለ፤ ለአስተማሪዎች ሁሉ ባነብላቸው ደስ ይለኛል። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በአምስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 94 ተማሪዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን መስኮት በሌለው ክፍል፣ ሁለተኛው መስኮቱ ሕንፃ በሚያሳይ ክፍል፣ ሦስተኛው መስኮቱ ዛፍና አረንጓዴ በሚያሳይ ክፍል ተቀመጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት አድካሚ ሥራ ሠሩ። ትኩረታቸው ተለካ፤ ብዙም ልዩነት የለም። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ እንዲያርፉ ተደረገ። እንደገና ሲለካ ትኩረታቸው በግልጽ ያገገመው አረንጓዴ የሚታያቸው ልጆች ብቻ ሆኑ። ጭንቀታቸውም ቶሎ ረገበ።

ልብ በሉ፣ ወደ ውጭ አልወጡም። ጫካ አልገቡም። መስኮት ብቻ ነው። ደግሞም ትምህርቱ ላይ እያሉ ልዩነት አልነበረም፤ ልዩነቱ የመጣው ሲያርፉ ነው። ስለዚህ ዛፉ ልጁ ላይ አዲስ ጉልበት የጨመረ አይመስለኝም፣ የደከመውን መልሶ እንዲያገኝ ረዳው እንጂ። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን ብትይዙልኝ እወዳለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት አየር ነው። ባርሴሎና ውስጥ ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 2,593 ልጆችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2015 ወጥቶ ነበር። ትንሽ ልጆች ናቸው፣ ጎረምሶች አይደሉም፤ ግን የሚያስተምረን አለ። በትምህርት ቤታቸው ግቢና ዙሪያ አረንጓዴ የበዛላቸው ልጆች የሥራ ትውስታቸው በዓመቱ ውስጥ ከሌሎቹ በ5 በመቶ ገደማ ፈጠን ብሎ አደገ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ ከዚህ ልዩነት ከ20 እስከ 65 በመቶ የሚሆነውን የመኪና ጭስ ጥቀርሻ ማነስ ሊያስረዳው እንደሚችል አዩ። ዛፍ ያለበት ግቢ መኪና የራቀው ግቢ ነውና። በሌላ አነጋገር ልጆቹን የጠቀማቸው የዛፉ መኖር ብቻ ሳይሆን፣ ዛፉ ባይኖር ኖሮ በቦታው የሚገኘው መንገድ አለመኖሩም ነው።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ይህንን ለአንዲት ጓደኛዬ ሳጫውታት፣ «ታዲያ ልጄን በየቀኑ ፓርክ ብወስደው ሒሳብ ሊገባው ነው?» አለችኝ። ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፤ እዚህ ጋ ነው ብዙ ጽሑፎች የሚያጭበረብሩት።

የለንደኑ ጥናት «አብረው ታዩ» ነው ያለው፤ «ዛፉ አደረገው» አላለም። ለምን ብትሉ፣ ለንደን ውስጥ ዛፍ ያለበት ሰፈር የቤት ኪራይ ውድ ነው። እዚያ የሚኖረው ልጅ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ምናልባት አስጠኚ አለው፣ ወላጆቹ ማታ ቤት ናቸው። ታዲያ ውጤቱን ያመጣው ዛፉ ነው ወይስ ገንዘቡ? ተመራማሪዎቹ ይህን ያውቃሉ። ዕድሜን፣ ጾታን፣ ዘርን፣ የወላጅን ሥራ፣ የትምህርት ቤቱን ዓይነት በሒሳብ አስተካክለው ነው ያሰሉት። ያም ሆኖ ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወላጆቻቸው ደህና ሙያና የኃላፊነት ሥራ ያላቸው ናቸው። የጽዳት ሠራተኛና የታክሲ ሹፌር ልጅ በሚገባው መጠን አልተወከለም። ደግሞ ሳተላይት ዛፉን እንጂ ልጁ ዛፉ ጋ መሄዱን አያይም። መናፈሻው የሚያስፈራ ከሆነ፣ ወላጅ «እዚያ እንዳትገቢ» የሚል ከሆነ፣ በካርታው ላይ አለ፤ ለልጅቷ ግን የለም።

ተቃራኒ ውጤትም አለ፤ መደበቅ አይገባም። በእንግሊዝና በዌልስ በ1994 እና በ1995 የተወለዱ ከ2,000 በላይ መንታዎችን ሲከታተል የኖረ ጥናት አለ። በዚያ መረጃ መጀመሪያ ሲታይ አረንጓዴ ሰፈር ያደጉት ልጆች የአእምሮ ፈተናው ላይ የተሻሉ ነበሩ። የቤተሰቡና የሰፈሩ የኑሮ ደረጃ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ግን ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለጓደኛዬ የሰጠኋት መልስ እንዲህ ነበር፦ ዛፍ የልጅሽን ችሎታ ከፍ ያደርጋል ብዬ ቃል አልገባልሽም። የደከመ ትኩረቱን ያሳርፍለታል፣ ጭንቀቱን ያቀልለታል የሚለውን ግን እኔ ተቀብዬዋለሁ። ምክንያቱም የኢሊኖይና የአን አርበሩ ሥራዎች ሙከራዎች ናቸው። እዚያ ሀብታምና ድሃ በሰፈር አልተለየም፤ ማን ዛፍ ያያል ማን አያይም የሚለውን ልጆቹ ወይም ወላጆቻቸው አልመረጡትም።

እሷም ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «የቅኔ ተማሪዎችስ ዱር ገብተው አይደል የሚቆጥሩት!» አለች። አባቷ ጎጃም ቅኔ የተማሩ ናቸው። እውነቷን ነው። የቅኔ ተማሪ፣ ያውም ብዙው ገና ጎረምሳ የሆነ፣ ቅኔ ለመቁጠር ከጉባኤው ይለይና ከዛፍ ሥር ወይም ከዱር ገብቶ ብቻውን ይቀመጣል። ወረቀት የለም። ቤቱን፣ ዜማውን፣ ሰሙንና ወርቁን፣ የግእዙን እርባታ ሁሉ በአንድ ጊዜ በጭንቅላቱ ይዞ ያገላብጣል። የሥራ ትውስታ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ይህ የሳይንስ ማስረጃ አይሆንም፤ ብቻውን መሆኑና ጸጥታው ምን ያህል እንደረዳው፣ ዛፉ ምን ያህል እንደረዳው አልተለካምና። ግን አባቶቻችን ለዚህ ዓይነት ከባድ የአእምሮ ሥራ ቦታ ሲመርጡ የት እንደመረጡ ማየት ደስ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጽዱና ወይራው ደግሞ ሣር ብቻ አይደለም፤ ያ ለንደን ላይ ለውጥ ያሳየው ዓይነት፣ ወፍና ጥላ ያለው ደን ነው።

እኛ ቤት ምን ለወጥን? ትንሽ ነገር። ልጄ ትምህርት ቤት የምትሄደው በአውቶብስ ነበር። ዋናው መንገድ፣ ጭስ፣ ስልክ በእጅ። ከፊንስበሪ ፓርክ ወደ ሃይጌት የሚወስድ፣ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ፣ አሁን ግራና ቀኙን ዛፍ የሸፈነው የእግር መንገድ አለ። ከሐዲዱ የቀረ የድሮ ባቡር ጣቢያ መቆሚያ ሳይቀር መሀሉ ላይ ታገኛላችሁ። ጠዋት ጠዋት 20 ደቂቃ ያህል በዚያ እንድትሄድ ተስማማን። ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ነው የምትሄደው፤ ብቻዋን አልፈቅድም። ጨለማ በሆነ የክረምት ማታ ስትመለስም በአውቶብስ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት «እማዬ፣ ጫማዬ ጭቃ ሆነ» የሚል ስሞታ ብቻ ነበር። ውጤቷ ተለወጠ ብዬ አልነግራችሁም፤ አንድ ልጅ ጥናት አይሆንም። ትምህርት ቤት ስትደርስ ግን እንደ በፊቱ ተቆጥታ አይደለም የምትደርሰው፣ ይህን ራሷ ነው የነገረችኝ።

የጥናት ጠረጴዛዋንም አዙረናል። ድሮ ግድግዳ ፊት ለፊት ነበር፤ አሁን ከመስኮቱ ውጭ ያለው የጎረቤት ዛፍ ይታያታል። ስታጠና ስልኳ ሳሎን ነው። ስታርፍም ሳሎን እንዲቆይ እየታገልን ነው፤ ከባዱ ይኼኛው ነው። ምክንያቱን ስለነገርኳት ግን ክርክሩ ቀለል ብሏል። «አትንኪው» ከማለት «ዓይንሽንና ትኩረትሽን አሳርፊው፣ 10 ደቂቃ ብቻ» ማለት ይሻላል።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ለንደን ላይ የተገኘው እዚያም እንዳለ ይሠራል አልልም፤ ከተማውም ኑሮውም ይለያል። ግን የኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ተቀምጦ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ልጅ ትኩረቱ የሚዝለው ልክ እንደ ኢሊኖዩ ልጅ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ዛፍ ያለበት አንድ የታወቀ ቦታ ካለ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢም ይሁን መናፈሻ፣ በሁለት ጥናት መሀል እዚያ ደርሶ ቢመለስ ጊዜ አባከነ አትበሉት። የግል ትምህርት ቤት ስትመርጡም የፈተና ውጤቱንና የኮምፒውተሩን ብዛት ከጠየቃችሁ በኋላ ግቢውን አንዴ ዙሩት። ብዙ ትምህርት ቤት መኖሪያ ቤት ተከራይቶ ግቢውን ሲሚንቶ ያለበሰ ነው። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት የት ይቆማሉ? ከክፍላቸው መስኮት ምን ይታያል?

የወላጆች ስብሰባ ላይ «የግቢው ዛፍ ቅጠል ያራግፋል፣ ይቆረጥና ለመኪና ማቆሚያ ይሁን» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ እጃችሁን አውጡ። አዲስ የተተከለ ችግኝ ጥላ የሚሆነው እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤቱ ተመርቀው ከሄዱ በኋላ ነው። የቆመው ዛፍ ግን ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ይሠራል።